‹‹ሳታውቅ አረፈች›› አትበሉኝ!

እናቴን የቀበርነው በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. ነው። በማግሥቱ ዝናብ በሚደበድበው ድንኳን ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ የቅርብ ዘመዳችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው አመሰገኑኝ። ‹‹ተባረክ ልጄ!›› አሉኝ። ‹‹ያንን ክፉ በሽታ ሳታውቀው፣ ሳትሳቀቅ፣ በሰላም እንድታርፍ አደረጋችኋት። ልጅ ማለት እንዲህ ነው!›› አጠገባችን የነበሩት ለቀስተኞች ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። አንዲት እናትም ‹‹እኔንም እንዲሁ ያድርገኝ›› አሉ። እኔም ‹‹አሜን›› አልኩ።

ያ ‹‹አሜን›› ውሸት ነበር። እናቴ በሽታዋን ታውቀው ነበር። ለስድስት ወር ያህል እኛ እርሷን ስናታልል፣ እርሷም እኛን ስታታልል ከርመናል። የተመሰገንኩበት ሥራ በሕይወቴ ከፈጸምኳቸው ጥፋቶች ሁሉ የከፋው ነው። በድንኳኑ ውስጥ መናገር ያቃተኝን እዚህ ልናገር፤ ተግሣጹንም ስድቡንም ለመቀበል ተዘጋጅቻለሁ።

ክርክሬ አጭር ነው። ለታማሚ በሽታውን መደበቅ ደግነት አይደለም። ባህላችን ነው የሚባለውም ሐሰት ነው። የራሳችንን ፍርሃት በእናቶቻችን ስም የምናስታምምበት ዘዴ ነው።

‹‹ቤተሰብ ይግባ››

እናቴ 61 ዓመቷ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ ከተቋረጠ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው ደም እንደገና ይታያት ጀመር። ለማንም አልተናገረችም። የሴት ልጅ ጓዳ ነዋ! ለሴት ልጆቿ እንኳ ለመንገር ሰባት ወር ፈጀባት። የነገረቻቸውም ድካሙ ጸንቶባት ከእንጀራ ምጣዱ አጠገብ ከወደቀች በኋላ ነው።

በመስከረም 2014 ዓ.ም. ናሙና ተወስዶ ውጤቱ የመጣ ዕለት ሐኪሙ ‹‹እማማ፣ እርስዎ እዚህ ይረፉ፤ ቤተሰብ ይግባ›› አለ። ቤተሰብ የተባልኩት እኔ ነበርኩ። ከክፍሉ ይዞኝ ወጥቶ ኮሪደር ላይ ቆመን ነገረኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ‹‹የማኅፀን በር ካንሰር ነው። ለእርሳቸው ባትነግሯቸው ይሻላል፤ ይደነግጣሉ›› ብሎኝ ሄደ። እስቲ አስቡት አንባቢዎቼ! ገላው የእናቴ፣ ሕመሙ የእናቴ፣ ሕይወቱም የእናቴ፤ ውጤቱ ግን ለእኔ ተነገረ። የሌላ ሰው ደብዳቤ ከፍቶ ማንበብ ነውር ነው እያልን ያደግን ሰዎች የሰውን ሞት ከፍተን ስናነብ ግን ነውርነቱ አይታየንም።

የዚያኑ ዕለት ማታ የቤተሰብ ጉባዔ ተቀመጥን። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ነበር፤ ‹‹እንዳይነገራት!›› ከተባለች በድንጋጤ ትሞታለች፤ ተስፋ ትቆርጣለች፤ መድኃኒቱንም አልወስድም ትላለች ተባለ። ለበሽታው ‹‹የማኅፀን ቁስለት›› የሚል ስም አወጣንለት። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጋዜጠኝነት ተምሬያለሁ፤ ባለሥልጣን ከሕዝብ መረጃ ደበቀ ብዬ ስጽፍና ስጮህ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቤቴ ስገባ ግን ሳንሱር ሹም ሆንኩ።

ሳንሱሩ ደግሞ ብዙ ተባባሪ ነበረው። አንደኛው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ነው። በአገራችን የሕክምና ወረቀት ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ እናቴ የገዛ ፍርዷን በፌስታል ይዛ ትዞር ነበር፤ ልታነበው ግን አትችልም። ሁለተኛዎቹ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ‹‹ትንሽ ቁስለት ነው እኮ፣ ትድኛለሽ›› እያሉ ከፊቷ ስቀው ከበር ውጪ ያለቅሱ ነበር። የንስሐ አባቷን እንኳ አልማርናቸውም፤ ለእርሳቸውም ‹‹ቁስለት›› ብለን ነገርናቸው። የጨረር ሕክምናው ሲጀመር ‹‹ራጅ ነው›› አልናት። ሃያ አምስት ቀን ‹‹ራጅ›› ሲነሣ የከረመ ሰው የት ታይቶ ይታወቃል? እርሷ ግን አንድም ቀን አልጠየቀችም። አለመጠየቋን ያለማወቅ ምልክት አድርገን ወስደነው በብልሃታችን ተደሰትን።

ዝምታ ምን ያህል ያስከፍላል?

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ። ውሸት ዋጋ አለው፤ የእኛን ውሸት የከፈለችው እናቴ ናት።

የማኅፀን በር ካንሰር ሲሰፋ ብዙውን ጊዜ ሽንትን ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚያወርዱትን ሁለት ቀጫጭን ቧንቧዎች ይጫናቸዋል። ቧንቧዎቹ በማኅፀን በር ግራና ቀኝ ነውና የሚያልፉት። ሲዘጉ ሽንቱ ወደ ኋላ ተመልሶ በኩላሊት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ኩላሊቱ ያብጣል፤ ቀስ በቀስም ሥራውን ያቆማል። ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው። ሽንት ይቀንሳል፣ እግርና ፊት ያብጣል፣ ማቅለሽለሽ ይበረታል፣ አእምሮ ይዳከማል። በጊዜ ከተነገረ መፍትሔ ሊኖረው ይችላል። ይህንን ማንኛውም የካንሰር ሐኪም ለታማሚው ሊነግር ይገባዋል፤ ‹‹እንዲህ ያለ ነገር ካዩ ዛሬውኑ ይምጡ›› ብሎ። ዳሩ ግን ለ‹‹ቁስለት›› ታማሚ ይህን እንዴት አድርጎ ይነግራታል? አፉን የያዝነው እኛ ነን።

በመጋቢት ወር እናቴ ሽንቷ ከቀነሰ፣ እግሯም ካበጠ ሦስት ሳምንት አልፎት ነበር። እብጠቱን በረጅም ቀሚስ ሸፈነችው። ኋላ ስጠይቃት ‹‹ቁስለት ነው ብላችሁ ስትለፉ ሌላ በሽታ ልጨምርባችሁ?›› አለችኝ። በአንድ ሌሊት ስትቃዥ አድራ፣ ሲነጋ የእኔን ስም በሟች አባቴ ስም ስትጠራ ነው ተሸክመን የሮጥነው። ደሟ ተመርምሮ ኩላሊቶቿ ሊቆሙ የቀራቸው ጥቂት መሆኑ ታወቀ። ከጀርባዋ በኩል ቆዳዋ ተበስቶ ቱቦ ወደ ኩላሊቷ ገባ፤ ሽንቷም ከጎኗ በተንጠለጠለ ከረጢት ይወርድ ጀመር። ከሁለቱ ኩላሊቶቿ አንደኛው እስከ መጨረሻው አልተመለሰም።

‹‹በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም›› ይላል ተረታችን። በእኛ ቤት ግን ሁለት ሸሻጊዎች ነበሩ፤ እናቴ ምልክቱን ሸሸገች፣ እኛ ስሙን። እርሷ የሸሸገችው ስለ እኛ አዝና ነው። እኛስ ስለ ማን አዝነን ነው?

የወንበሩ ላይ ሴቶች

ቱቦው ከመግባቱ በፊት ፈቃድ መፈረም ነበረበት። እኔ እንደ ልማዴ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ተረኛዋ ወጣት ሐኪም ግን ወረቀቱን ከእጄ መልሳ ወስዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ጥቂት ነፍስ ወደዘራችው እናቴ ጎንበስ ብላ ‹‹እማማ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ያውቃሉ?›› ብላ ጠየቀቻት። ከስድስት ወር በኋላ እናቴን ይህን ጥያቄ የጠየቀ የመጀመሪያው ሰው እርሷ ናት። እኔ በዓይኔ፣ በእጄ፣ በከንፈሬ ምልክት ልሰጣት ሞከርኩ። እናቴ አየችኝ። ከዚያም ለሐኪሟ ‹‹ልጄን አስወጪልኝና እነግርሻለሁ›› አለቻት።

ወጣሁ። ኮሪደር ላይ ቆምኩ። በዚህ ጊዜ ኮሪደር የቆምኩት እንደ ታማሚ ነበር፤ ውስጥ የሚባለውን የማላውቅ፣ ጉዳዩ ከእኔ ተሰውሮ የሚመከርበት ሰው። ጥሩ ትምህርት ነበር።

ስመለስ እናቴ እንዲህ አለችኝ፦ ‹‹ካንሰር ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል፣ ልጄ? ወረፋ ስንጠብቅ ወንበሩ ላይ የምንቀመጠው ሴቶች ሁሉ እኮ እናውቃለን። ከጎጃም የመጣችው ታውቃለች፣ ከባሌ የመጣችውም ታውቃለች። እርስ በርሳችን እንጨዋወታለን። የማያውቁት ልጆቻችን ናቸው።››

ይህን የሰማሁ ዕለት ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም። እኛ በስልክ እየተንሾካሾክን፣ ወረቀት እያጠፍን፣ ዓይን እየጠቀስን ጠበቅንላት ያልነውን ምሥጢር እናቴ ከማታውቃቸው ሴቶች ጋር በአንድ ጠባብ አግዳሚ ላይ ስትካፈለው ከርማለች። ልጆቿ ያልሰጧትን እውነት ሰጧት፤ ማልቀሻ ትከሻም ሰጧት። ‹‹በሰላም አረፈች›› ለሚሉኝ መልሴ ይህ ነው፤ ያን ስድስት ወር እናቴ በሰላም አልኖረችውም፤ ብቻዋን ኖረችው።

ከዚያ በኋላ አምስት ወር ኖረች። እነዚያ አምስት ወራት ከባድ ነበሩ፤ ቱቦው ይዘጋል፣ ትኩሳት ይነሣል፣ ደም ይፈሳታል። ነገር ግን የእርሷ ነበሩ። ሕመሟን ሳትደብቅ መናገር ስለጀመረች በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ታዘዘላትና ከወራት በኋላ ሌሊት እንቅልፍ አየች። የንስሐ አባቷን ጠርታ እውነተኛ ንስሐ ገባች። በቤት ውርስ ምክንያት አሥራ አንድ ዓመት ያኮረፈቻትን ታናሽ እህቷን አስጠርታ ታረቀች። የእቁቧን ዕዳ አስከፈለች። የቱቦው ነገር ሲደጋገም ደግሞ ‹‹አሁንስ ይበቃኛል፣ ቤቴ ውሰዱኝ›› አለች፤ ወሰድናት። ይህን ሁሉ ልናስቀርባት ነበር!

አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱን እህቶቼን ጠርታ ‹‹ሄዳችሁ ተመርመሩ፤ እንደ እኔ አትፈሩ›› አለቻቸው። ሁለቱም ከሠላሳ ዓመት በላይ ናቸው፤ አንዳቸውም ተመርምረው አያውቁም። ለ‹‹ቁስለት›› ማን ይመረመራል? ታናሺቱ ቅድመ ካንሰር ለውጥ ተገኘባት፤ በዚያው ዕለት ታክማ ወደ ቤቷ ገባች። ‹‹እንዳይነገራት›› ያልነው ጉባዔ እናታችንን ብቻ ሳይሆን እህታችንንም ሊቀብር እንደነበር ልብ በሉ።

ይህ የአንድ ቤት ወሬ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ ከ7,400 በላይ ሴቶች በማኅፀን በር ካንሰር እንደተያዙ፣ ከ5,300 በላይ ደግሞ በዚሁ እንደሞቱ ያመለክታል። ይህ በሽታ ግን መከላከል ከሚቻሉት ካንሰሮች አንዱ ነው። አምጪው ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ ነው፤ ይህን ያረጋገጡት ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሃራልድ ዙር ሃውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ክትባቱ በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። ከቅድመ ካንሰር ለውጥ እስከ ካንሰር ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ጤና ጣቢያ ገብቶ በአሴቲክ አሲድ መታየት የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። በአንጻሩ ዘግይቶ ለደረሰ ሰው የጨረር ሕክምና ለሃያ ዓመታት ያህል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ሲሰጥ የኖረ ነገር ነው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በክልል ከተሞች መጨመር ቢጀምርም። እንግዲህ በዚህ መሐል የቆመው ግድግዳ ምንድን ነው? የገንዘብ እጥረት አንዱ ነው፤ አልክድም። ሌላው ግን አፋችን ነው።

ባህል ወይስ ሰበብ?

‹‹የምትለው የፈረንጅ ነገር ነው፤ በእኛ ባህል እንዲህ አይደረግም›› የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። እስቲ ባህሉን እንመርምረው።

መርዶ እንዴት ይነገራል? ሰው ሞቶበት ለብቻው እያለ፣ በምሽት፣ በድንገት አይነገረውም። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ሌሊቱ እስኪነጋጋ ይጠበቃል፤ ከዚያ በሚያከብረው ሰው አፍ ይረዳል። ይህ ታላቅ ጥበብ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፣ መርዶ ይነገራል! ‹‹እንዳይደነግጥ›› ተብሎ ልጁ የሞተበት አባት ልጁን እየጠበቀ እንዲኖር አይፈረድበትም። ባህላችን የመንገሪያውን ሰዓትና ሁኔታ አስተማረን እንጂ መደበቅን አላስተማረንም።

ኑዛዜስ? አያቶቻችን ሞት ሲቀርብ ካህን ጠርተው፣ ሽማግሌ አስቀምጠው፣ ‹‹ይህን ለእገሌ፣ ይህን ለእገሊት፤ ከእገሌ ጋር አስታርቁኝ›› ብለው ነው የሚሰናበቱት። በፍትሐ ነገሥቱ ውስጥ ስለ ኑዛዜ የተደነገገው፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ቦታ የተሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። መሞቱን የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ይናዘዛል? ‹‹ሳታውቅ አረፈች›› ማለት በአያቶቻችን ሚዛን ምስጋና ሳይሆን እርግማን ነው፤ ሳይናዘዙ መሞትን የሚፈሩ ሰዎች ነበሩና።

‹‹የፈረንጅ ነገር›› የሚለውስ? እ.ኤ.አ. በ1961 በቺካጎ አንድ ሆስፒታል የተጠየቁ ሐኪሞች ከ10ሩ 9ኙ ገደማ ለታማሚ ካንሰር እንዳለበት አለመንገርን እንደሚመርጡ መልሰው ነበር። ምክንያታቸው ከእኛ ኮሪደር የተቀዳ ይመስላል፤ ተስፋ ይቆርጣሉ፣ ይደነግጣሉ። በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ ደግሞ 97 በመቶዎቹ እንነግራለን አሉ። የጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ እ.ኤ.አ. በ1989 በካንሰር ሲሞቱ የበሽታው ስም ለሕዝባቸው በይፋ የተነገረው ከሞታቸው በኋላ ነው። ስለዚህ መደበቅ የኢትዮጵያዊነት መለያ አይደለም። በየአገሩ ሐኪምና ቤተሰብ ሲፈሩ የሚያደርጉት ነገር ነው፤ አንዳንዶቹ ተዉት፣ እኛ ‹‹ባህል›› የሚል ካባ ደረብንለት።

ከተቃራኒዎቼ ሁሉ የማከብረው ክርክር የየውብዳር በየነ ነው። እኚህ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ስለነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የአሜሪካ ሐኪሞች ክፉውን ዜና በቀጥታ ለታማሚው መንገራቸው ከኢትዮጵያውያን ልማድ ጋር እንደሚጋጭ፣ ዜናው አስቀድሞ ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ መነገር እንዳለበት አስረድተዋል። ልክ ናቸው። ለብቻው የተቀመጠን ሰው ፊት ለፊት ‹‹ካንሰር አለብህ›› ብሎ ቀጣዩን ታማሚ መጥራት ጭካኔ ነው። ዳሩ ግን ‹‹አስቀድሞ ለቤተሰብ ይነገር›› ማለትና ‹‹ለቤተሰብ ብቻ ይነገር›› ማለት የሰማይና የምድር ያህል የተራራቁ ናቸው። ቤተሰብ የሚቀድመው ታማሚውን ከብቦ ለማስረዳት ከሆነ መልካም ነው። በር ለመዝጋት ከሆነ ግን አይደለም።

‹‹ተስፋ ትቆርጣለች›› ለሚሉትም አንድ ቃል አለኝ። ሁሉም ሰው እንደ እናቴ አይደለም፤ ይህን አምናለሁ። ማወቅ የማይፈልግ ሰው አለ፤ መብቱ ነው። ነገር ግን አለመፈለጉን ማን ጠየቀው? ‹‹ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ለማን እንንገርልዎ?›› የሚል ጥያቄ የሚፈጀው የግማሽ ደቂቃ ትንፋሽ ነው። ‹‹ለልጄ ንገሩት፣ እኔ መስማት አልፈልግም›› ካለች ያኔ ዝምታው የእርሷ ምርጫ ይሆናል። እኛ የነጠቅነው ይህንን ምርጫ ነው። ተስፋን በተመለከተ፣ የእናቴ ተስፋ በመዳን ላይ ብቻ የተንጠለጠለ አልነበረም፤ ከእህቷ ጋር መታረቅን፣ ሌሊት ያለ ሕመም መተኛትን፣ አልጋዋ ላይ መሞትን ተስፋ ታደርግ ነበር። ሦስቱንም አገኘች።

ስለዚህ ለሐኪሞቻችን፦ ወረፋው እንደሚያጣድፋችሁ አውቃለሁ፤ ግን ወደ ኮሪደሩ ከመውጣታችሁ በፊት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ለአንባብያን፦ ‹‹ያ በሽታ››፣ ‹‹ክፉ በሽታ›› ማለትን ትተን ስሙን እንጥራው። ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ሐዘናቸውን በመሸሸግ ፈንታ የሕፃኑን ስም አደባባይ አውጥተው የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቁመዋል። ስም መጥራት የሚያድነው ሰው አለ ማለት ነው። ለልጆች ደግሞ፣ በተለይ እንደ እኔ ለተማርን ልጆች፦ እናቶቻችን ጦርነት፣ ረሃብ፣ የልጅ ሞት ችለው ያሳደጉን ሴቶች ናቸው። እውነትን መሸከም ያቃታቸው መስሎን የምንደብቅላቸው እኛ ነን አቅም ያጣነው።

ለእኒያ ዘመዴም፣ ለድንኳኑ ‹‹አሜን›› ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ እውነተኛውን መልስ እነሆ፦ እናቴ ዐውቃ፣ ተናዝዛ፣ ታርቃ፣ በቤቷ አረፈች። ምስጋናው የሚገባው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለጠየቀቻት ወጣት ሐኪምና በአግዳሚው ላይ አብረዋት ለተቀመጡት ሴቶች ነው።

ቸር ይግጠመን።